በአለማያ ጀልባ ላይ የደፈንኩት ቀዳዳ

ለአስካለ፣ ለቤቴ እመቤት፤

ካጠገቤ ከተነሣሽ ሁለት ዓመት ከአንድ ወር ሆነ። «ለጤናሽ እንደምን ነሽ» ብዬ እንዳልጀምር መልስሽን የሚያመጣልኝ ፖስታ የለም። «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ እንዳልጽፍ ደግሞ ውሸት ይሆንብኛል፤ ላንቺ ዋሽቼ አምልጬ አላውቅም። ስለዚህ ዙሪያውን ሳልሄድ ልንገርሽ። አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። በእጄ ሥራ ሳቢያ ሰው ሊሞት ነበር። የሰውየው ነፍስ ተረፈች፤ እንጀራው ግን ተቆረጠ፤ እኔም የማን ጥፋት እንደሆነ እያወቅሁ አፌን ዘግቼ ቆምኩ። ከዚያ ወዲህ ያደረግሁትን እነግርሻለሁ። ያንቺም ነገር አለበት። እሱን ስደርስበት እጽፈዋለሁ።

ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ። ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ ሳልጨርስ ነው ወደ ባቡር ሥራ የገባሁት። «ያንተ ፊደል ገደል ላይ የቆመ ፍየል ይመስላል» ትዪኝ ነበር። ጽጌ ትናንት መጥታ ስታየኝ «አባዬ፣ አንተ ተናገር፣ እኔ ልጻፍልህ» አለችኝ። እንቢ አልኳት። «ግትር!» ብላኝ ሄደች። ይቺን ቃል ካንቺ ነው የወረሰችው።

የቤቱን ላስቀድም። ውሃ ግቢያችን ገባልሽ። ቧንቧው ከበሩ አጠገብ ቆሟል፤ አንቺ ባልዲ ተሸክመሽ የተመላለስሽበት መንገድ አሁን ሣር አበቀለ። ፓፓያሽ ደረቀ፤ ውሃ ስላጣ አይደለም፣ እኔ ነኝ ስሩን በመቆፈሪያ የነካሁት። ጽጌ ሁለተኛ ልጅ ወለደች፤ ሴት ናት፤ ግንባሯ ያንቺ ነው፤ ስትቆጣም ያንቺን ያህል ዝም ትላለች። ጎረቤታችን ፋጡማ እንዳለች ናት። በየጠዋቱ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ «ዋሪያ ወልዴ፣ አለህ ወይስ ሞትክ?» ትለኛለች። «አለሁ» ካልኳት «እንግዲያው ምነው ድምፅህ ጠፋ?» ትላለች። ዝም ካልኳት በሩን ገፍታ ትገባለች።

ባቡሩም ተለወጠ። ከሰልና ውሃ የሚበላው ሁሉ ቆመ፤ አሁን የሚሄደው በናፍጣ ነው። ሲያልፍ ቤቱ አይንቀጠቀጥም፤ ብርጭቆዎችሽ መደርደሪያው ላይ ድምፅ ሳያሰሙ ይውላሉ። አለቆቹ «ጋሽ ወልዴ፣ ናፍጣውን ተማር» ሲሉኝ «እንፋሎት የሌለው ባቡር ባቡር አይደለም» አልኩና መፍቻዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ቤት ነኝ። የሚያኮራኝ አንድ ነገር ቀርቶልኝ ነበር፤ ድሬ ውስጥ ብረት የሚሠራ ሰው ሁሉ «የወልዴ ሥራ አያፈስም» ይላል። ይህን ቃል ልብ በይልኝ። የወደቅሁት በሱ ነው።

ሙሴ ኒኮላን ታስታውሽዋለሽ፤ ከዚራ ሰፈር የብረታ ብረት ሱቅ ያለው ግሪክ። አለማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ አለችው፤ እሑድ እሑድ ወጥቶ ዳክዬ ያድንባታል። ባለፈው ታኅሣሥ በጠዋት መኪናውን በራችን ላይ አቆመና ሳይወርድ ጥሩምባውን ነፋ። ስወጣ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል። እንደ ልማዱ ወንድና ሴት እያቀላቀለ «ወልዴ! ያንተ ምድጃ ዩያን ልትገድል ነበር! ዩያ ሞተች ብዬ አልቅሼ ነበር!» አለኝ። ዩያ ጀልባውን የሚጠብቅለት፣ የሚቀዝፍለትም ሰው ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር፤ ዩያ ሐይቁ ዳር ያለችው ጎጆው ስለፈረሰች ዘንድሮ የሚተኛው በጀልባዋ ጋቢና ውስጥ ነው። አለማያ በታኅሣሥ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እኔ የሠራሁትን ምድጃ ከሰል ሞልቶ በሩን ዘግቶ ተኛ። ጠዋት ዓሣ አጥማጆች ቢጠሩት አልመልስ አለ። በሩን ሰብረው ጎትተው ሣሩ ላይ አስተኙት፤ ውሃ ሲያፈሱበት ነፍሱ ተመለሰች።

ሙሴ ይህን ነግሮኝ ሲያበቃ እኔ ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? «ሰውየው ደህና ነው ወይ?» አላልኩም። «የኔ ምድጃ አያፈስም» ነው ያልኩት።

እሱም «ቢያፈስም ባያፈስም ይወጣል» አለኝ። ከጅቡቲ በባቡር ሌላ ማሞቂያ አስመጥቷል፤ ለመርከብ የተሠራ፣ በላምባ የሚነድ። አሮጌውን ነቅዬ አዲሱን እንድተክልለት ነው የመጣው። የሠራሁትን በገዛ እጄ ንቀል መባል እንዴት እንዳቃጠለኝ ለሌላ ሰው ማስረዳት አልችልም። አንቺ ግን ምድጃው ሲሠራ ነበርሽ። የአሮጌ ባቡር ላሜራ ቆርጬ፣ በዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ወር ሙሉ ስቀጠቅጥ ጆሮሽን በሻሽ አስረሽ ነበር የምትውይው።

ከስምንት ዓመት በፊት የተከልንበትን ቀንስ ታስታውሻለሽ? ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሙሴ ሁለታችንን ጭኖ በደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ አወጣን። አንቺ ዓይንሽን በነጠላ ሸፍነሽ «ስንት መታጠፊያ ቀረው?» ትያለሽ፤ እኔ ስንት እንደቀረው ሳላውቅ «ሁለት» እላለሁ። ሐይቁ ጋ ስንደርስ ከዚያ በፊት ውሃ ላይ ወጥተሽ ስለማታውቂ ጀልባዋ ጫፍ ላይ ጫማሽን አወለቅሽ። ዩያ ያኔ ገና ወጣት ነበር፤ ሳቀና «አዴ አስካለ፣ ጀልባ ነው እኮ፣ መስጊድ አይደለም!» አለሽ። አንቺም «ውሃ ላይ የምቆመው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው፤ ባወልቅ ምን ይጎድልብሃል?» አልሽው። ከዚያ ወዲህ ዩያ ባየኝ ቁጥር አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ስላንቺ ነበር።

ጋቢናው ጠባብ የሳንቃ ክፍል ነው፤ ሦስት ሰው ቢገባበት ጉልበት ለጉልበት ይጋጫል። ምድጃውን አቆምኩ፣ የጭሱን ቱቦ በጣሪያው አወጣሁ፣ ለኮስኩት። ወዲያው ነደደ። አንቺ አግዳሚው ላይ ተቀምጠሽ እጅሽን ታሞቂ ነበር። ግድግዳው ላይ፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ነበረች፤ ሙሴ ራሱ ነው ያስበሳት። የሐይቁ ነፋስ በሷ ገብቶ እግርሽን ሲመታው አየሁ። ብርድ ሰው ይገድላል ተብለን ነው ያደግነው፤ አባቴም የሞተው ነፋስ መቶት ነው ይባላል። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ያንን የመሰለ ምድጃ ሠርቼ ከጎኑ የተበሳ ግድግዳ ማየት አሳፈረኝ። ቁራጭ ላሜራ አነሣሁ፣ አራት ብሎን አወጣሁ።

አንቺ «ተወው» አልሽኝ። «ሰውየው ግድግዳውን ያለ ምክንያት አይበሳም።»

እኔ «ፈረንጅ ብርድ መታኝ ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አልኩሽ።

«የኔን እግር ተወው፤ እሳቱም እኮ ይተነፍሳል። ማድ ቤት የምውለው እኔ ነኝ» አልሽ።

ልክ ያን ጊዜ ዩያ መጥቶ በር ላይ ቆመ። ሰው ፊት ሴት አረመችኝ ብዬ ነው መሰለኝ፣ «ሠላሳ ዓመት የባቡር እሳት ያነደድኩ ሰው ስለ እሳት ከማድ ቤት አይማርም» አልኩሽ። አንቺ ፊትሽን ወደ ውሃው መለስሽ። ዩያም መቅዘፊያውን አንሥቶ ዞር አለ። እኔ አራቱን ብሎኖች አጠበቅሁ፤ አግዳሚውን ወደ ግድግዳው ገፍቼ ቸነከርኩት። ላሜራዋ ከአግዳሚው ሥር ተደበቀች፤ ሙሴም አላያት።

የሚገርመው፣ የባቡር እሳት ከሥር አየር ካልሳበ እንደሚሞት ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ለብረቱ አውቅ ነበር፤ ውስጡ ለሚቀመጠው ሰው ግን አላሰብኩም። ስምንት ዓመት ምንም ያልሆነው ሳንቃዎቹ ስለተሰነጣጠቁ ነው፤ አየር በየስንጥቁ ይገባ ነበር። ዘንድሮ ሙሴ ጀልባዋን አሳድሶ ስንጥቁን ሁሉ በቅጥራን አስደፈነ። ከዚያ በኋላ ጋቢናው እንደ ታሸገ ጣሳ ሆነ።

እንግዲህ በተባለው ቀን አዲሱን ማሞቂያ ልተክል ወደ አለማያ ወጣሁ። ዩያ ሐይቁ ዳር ራሱን በጨርቅ አስሮ ቁጭ ብሏል። ሲያየኝ ተነሥቶ ሁለት እጄን ያዘ። «ጋሽ ወልዴ፣ አቦ፣ የሄድኩበትን ብታይ! አይከፋም እኮ፤ ግብርም የለ፣ ዳክዬም የለ» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። እንዴት እንደያዘው ጠየቅሁት። መጀመሪያ ግንባሩን አንድ ሰው በሻሽ አጥብቆ እንዳሰረው ሆነበት። ቀጥሎ እግሩ የራሱ አልመስል አለው። ከዚያ ውሃው ከሩቅ ሲንሿሿ ሰማ፤ እንቅልፉም ጣፋጭ ነበር አለኝ። ይህን ቃል ከዚህ በፊት የሰማሁት መሰለኝ፤ ከማን እንደሆነ ግን ያን ሰዓት አላስታወስኩም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሙሴ ሊያባርረኝ ነው። ጠጥተህ ነው ይላል። ዋላሂ፣ እኔ የሐይቁን ውሃ እንኳ አጣርቼ ነው የምጠጣው! አንተ ምድጃህን እየውና ንገርልኝ» አለኝ።

አየሁት። በሩን፣ መጋጠሚያውን፣ ቱቦውን፣ አንድ በአንድ ፈታሁ። አንድም የተሰነጠቀ የለ፣ አንድም የላላ የለ። እንደ ሠራሁት ነው። ደረቴን ነፋሁ፤ «ሙሴ፣ ና እይ! ይህ ነው የሚያፈሰው?» አልኩ። ሙሴ አዲሱን ማሞቂያ ከሣጥኑ አውጥቶ ወረቀቱን እያነበበ ነበር። እቃዋ ነጭ ቀለም የተቀባች፣ የሕፃን መጫወቻ የምትመስል ናት። ወረቀቱ ላይ ሥዕል አለ፤ አየር ከታች ይገባል፣ ጭሱ ከላይ ይወጣል። ሙሴ ሥዕሉን አይቶ ግድግዳውን አየ። «የኔ ቀዳዳ የት አለች?» አለ።

አስካልዬ፣ በዚያች ደቂቃ አስታወስኩ። ከዚያ በፊት ጭራሽ ረስቼው ነበር፤ ይህን እመኚኝ።

አግዳሚውን ስበን አወጣን። ላሜራዋ አራቱን ብሎኖች እንደያዘች አለች። ሙሴ በርከክ ብሎ ነካካትና ወደ ዩያ ዞሮ ጮኸ፤ «ብርድ ፈርተሽ ደፈንሽው! ራስሽን ልትገድይ ነበር፣ ጀልባዬን ልታቃጥይ ነበር!» ዩያ ባዶ እጁን ዘርግቶ አሳየው። «ሙሴ፣ እኔ መቅዘፊያና መረብ ነው የማውቀው፤ ብሎን ከየት አመጣለሁ? እዚህ ቀዳዳ መኖሩንም የሰማሁት ዛሬ ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ ያኔ ብሎኑን ሳጠብቅ ፊቱን አዙሮ ነበር፤ የጠባችንን ጫፍ ሰምቷል እንጂ ምክንያቱን አላየም። ሙሴ ወደኔ ዞረ። «ወልዴ፣ አንተ ብረት ታውቃለህ። ይህ የማን ሥራ ነው?»

«የቆየ ይመስላል» አልኩ።

ይህንኑ ብቻ። ውሸት አልተናገርኩም ብዬ ራሴን ለማሳመን የመረጥኳት ቃል ናት። ሙሴ እንደፈለገው ተረጎማት። ዩያን «እቃሽን ያዢ» አለው። እኔ ላሜራዋን ፈታሁ፣ ቀዳዳዋን ጠረግሁ፣ የምድጃዬን ብረት ነቅዬ ሣሩ ላይ ጣልኩ፣ ነጯን ማሞቂያ ተከልኩ። ቀጥ አድርጌ፣ ብሎኗን ሁሉ አስተካክዬ ነው የተከልኳት። ዩያ ብርድ ልብሱንና ማንቆርቆሪያውን በገመድ አሰረ። ሲሄድ ሊሰናበተኝ መጣ። «ምድጃህን እይልኝ ብዬ አስቸገርኩህ፣ አይዞህ ጋሽ ወልዴ፤ የጽጌን ልጆች ሳምልኝ» አለኝ። እኔ ሳምኩት። ከንፈሬ ጉንጩን ነካ፣ አፌ ግን አልተከፈተም።

ቤት ገብቼ ሦስት ቀን አልወጣሁም። ፋጡማ በአጥሩ ብትጣራ አልመለስኩም፤ ገባች፣ አየችኝ፣ «የታመመ ሰው ቤት እንዲህ ይዘጋል እንዴ? ደግሞ ጀመርክ?» ብላ በሩን ብርግድ አድርጋ ከፈተችው። «ደግሞ» ስትል ነው የገባኝ።

እንግዲህ ያንቺ ነገር ይህ ነው።

ሳል ይዞሽ በተኛሽበት በዚያ ታኅሣሥ፣ ንጋት ላይ ነፋስ እንዳያገኝሽ ብዬ የመስኮቱን ዳርና ዳር በጨርቅ ጠቀጠቅሁ፤ ከጣሪያውና ከግድግዳው መሐል ያለውን ክፍተት በጆንያ ደፈንኩ። የከሰሉን እሳት አልጋሽ አጠገብ አስቀመጥኩ። ፋጡማ ስቃብኝ «ድሬ ላይ እሳት አቅፎ የሚተኛ አንተን አየሁ! ዋሪያ፣ መስኮቱን ክፈትላት» አለችኝ። አንቺም ትለምኚኝ ነበር። «ወልዴ፣ ትንሽ ክፈትልኝ» ትያለሽ፤ እኔ «ሳልሽ ይብስብሻል» እላለሁ። «ግንባሬን በሻሽ እንዳሰሩት ጠፍሮ ያዘኝ» ትያለሽ፤ እኔ ሻሽሽን ፈትቼ እንደገና አስረዋለሁ። ጠዋት ፋጡማ መጥታ በሩን ስትከፍተው ቀና ብለሽ ትቀመጪ ነበር፤ ትጫወቺም ነበር። እኔ «ፋጡማ ስትመጣ ደስ ይላታል» እል ነበር። ከፋጡማ ጋር አብሮ የሚገባውን አየር አላሰብኩትም።

ሐኪሙ ሳንባ ነው ብሏል። ሳል ቀድሞ ነበረብሽ፣ ደምም ነበረው፤ ሐኪሙ ልክ ይሆናል። እኔ ግን ከእንግዲህ ሐኪሙ ልክ ነው ብዬ ተኝቼ ማደር አልችልም። የዩያ ቃልና ያንቺ ቃል አንድ ናቸው። ገድዬሽ እንደሆነ አላውቅም። አልገደልኩሽም ማለትም አልችልም። የመጨረሻዎቹን ቀኖችሽን ግን እንዳስጨነቅሁብሽ አውቃለሁ፤ ይህን ማንም ሐኪም አይፍቀውም። ላንቺ የምለው ይህን ያህል ነው፤ ከዚህ በላይ ብጽፍ የራሴን ሐዘን ላሳምር ይሆናል።

ላንቺ ማድረግ የምችለው ነገር የለም። ዩያ ግን በሕይወት አለ። ይህን ሳስብ ተነሣሁ።

በአራተኛው ቀን ከዚራ ወረድኩ። የሙሴ ሱቅ በሰው ሞልቷል፤ የባቡር ሰዎችም ነበሩ፣ የሚያውቁኝ። ውጭ ጠርቼው ልነግረው አሰብኩና ተውኩት፤ ዩያ የተዋረደው ሰው ፊት ነው። ቆቤን አውልቄ «ሙሴ፣ ቀዳዳህን የደፈንኩት እኔ ነኝ። ስምንት ዓመቱ ነው። ዩያ አያውቅም። ያን ቀን ስትጠይቀኝ አውቄ ዝም አልኩ» አልኩት። ሙሴ ሚስማር እየመዘነ ነበር፤ የያዘውን ሚዛኑ ላይ ተወው። «እኔ እኮ ለእንግዳ ሁሉ ይህ የወልዴ ሥራ ነው እያልኩ አሳይ ነበር» አለ። አልጮኸም። ቢጮህ በተሻለኝ። ቆይቶ «ሂድ፣ ዩያን ጥራልኝ፤ ሥራው አለ በለው። አንተ ግን ከእንግዲህ ጀልባዬን አትንካ» አለኝ። «እሺ» አልኩ። ከኋላዬ አንዱ የባቡር ሰው «የወልዴ ሥራ አያፈስም» ብሎ ሳቁን ሲያፍን ሰማሁ። አልዞርኩም።

ዩያ ሐርላ መንደር ነው የገባው፣ የሚስቱ ሰዎች ዘንድ። በማግስቱ ከነከዘራዬ በእግሬ ሄድኩ። የጥንቱ ድንጋይ ካብ አጠገብ ፍየል ሲጠብቅ አገኘሁት። ሲያየኝ ደስ አለው። ቤት ወሰደኝ፤ ሚስቱ ሸምሲያ ወተት አቀረበች። ሳልቀምሰው ተናገርኩ። ሸምሲያ አማርኛ ብዙም ስለማታውቅ በዚያች ስብርባሪ ኦሮምኛዬ ደገምኩላት፤ ሁለት ጊዜ ማለቱ ከአንዱ ይከብዳል።

ዩያ በጩቤ የጀመረውን በትር መፋቅ ቀጠለ። የተናገረችው እሷ ናት። «ብሎኑን ተወው» አለችኝ። «በብሎን ሰው ይሳሳታል። ባሌን ጠጪ ነው ሲሉት ቆመህ ሰማህ። አምስት ቀን ልጆቹ ፊት ቀና ብሎ አልበላም። ያንን በምን ትፈታዋለህ?» «አልፈታውም» አልኳት። «ጥፋቱ የኔ ነው።» ይህን ቃል ስናገር ስልሳ ዓመት ያለፈው አፌ እንግዳ ሆነብኝ። ላንቺ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ብዬሽ አውቃለሁ? አስቤ አስቤ አላገኘሁም።

ዩያ በመጨረሻ በትሩን አስቀመጠ። «ጋሽ ወልዴ፣ አቦ፣ አንተ እኮ ብሎን ስታጠብቅም እንዲህ ነህ፤ ካንተ በቀር የሚፈታው የለም» አለና ትንሽ ሳቀ። ሳቁ እንደ ድሮው አልነበረም። «ነገ እወጣለሁ። ለሙሴ ብዬ አይደለም፤ ዓሣ አጥማጆቹ ሁሉ እንዲያዩኝ ነው» አለኝ። ከዚያ «አዴ አስካለ ያኔ ፊቷን ያዞረችው በዚህ ነበር እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። «በዚህ ነበር» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ውሃውን ልታይ መስሎኝ ነበር» አለ። ወተቱን ጠጣሁ። ሸምሲያ ስወጣ አልተሰናበተችኝም። መብቷ ነው።

አሁን ጥር ገብቷል። ዩያ ሥራው ላይ ነው፤ ከአለማያ የመጣ ሹፌር አይቼዋለሁ ብሎኛል። እኔን የሚጠራ ሰው ግን የለም፤ ብረት ያለበት ሁሉ ሌላ ዘንድ ይሄዳል። ይሂድ።

ይቅር በይኝ አልልሽም። መልስ ከማትሰጪኝ ሰው ይቅርታ መለመን ራሴው ጠይቄ ራሴው መፍቀድ ይሆናል። አንድ ነገር ግን ልናዘዝ። በለቅሶሽ ሰሞን ድንኳን ውስጥ ለመጣው ሁሉ «አስካለ በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን ቃል አልመለሰችልኝም» እል ነበር። ሰዉ ከንፈሩን እየመጠጠ «እንዲህ ያለች ጨዋ!» ይል ነበር። ጽጌም ይህንኑ ለልጆቿ ትነግራለች። እኔ ነኝ እንዲህ አድርጌ ያስቀመጥኩሽ፤ አፍ የሌለሽ አድርጌ። ለኔ ይመቸኝ ነበራ።

ከእንግዲህ እንደዚያ አላስታውስሽም። ትመልሽልኝ ነበር። ትከራከሪኝ ነበር። ብዙውን ጊዜም ልክ ነበርሽ፤ ሲደክምሽ ነው ዝም የምትይው። እስክሞት የማስታውሰው ያቺን አስካለን ነው፤ ስናገርም የምናገረው ስለ እሷ ነው። የፊታችን እሑድ ጽጌ ልጆቿን ይዛ ትመጣለች። ይህን ወረቀት እሰጣታለሁ፤ ፍየሎቼን አንድ በአንድ ለቅማ ታንብበው። ስትጨርስ ብታለቅስም ብትቆጣም አልከለክላትም። እናትሽ ነግራኝ ነበር፣ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ እላታለሁ።

ባልሽ ወልዴ